ባለድርሻ አካል ሆኜ ጎንደር የሄድኩበት ቀን

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሳይፈካ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ተነሣን። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መቅደስ ነኝ፤ አብረውኝ የሄዱት ደግሞ የወላጆች ተወካይ አያ መኳንንት ናቸው። የጉዟችን ምክንያት ስብሰባ ነው። በአካባቢያችን ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በጋራ የሚመሩበትን ስትራቴጂክ ዕቅድ አርቅቀው፣ ከየአካባቢው አንድ ወላጅና አንድ ተማሪ መጥቶ አስተያየት ይስጥበት ብለው ጎንደር ጠርተውናል።

ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲባል እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ይመስላል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ግን ረቂቁ አስቀድሞ በስልክ ደርሶን ስናነበው፣ ከራዕዩና ከተልዕኮው በኋላ፣ ማንም ልብ በማይላት ቦታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተቀምጣ አገኘን። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየወረዳው የከፈቷቸው የቅዳሜና እሑድ የትምህርት ማዕከላት ወደ ከተማ ይጠቃለላሉ ትላለች።

የእኛ ማዕከል ከትምህርት ቤታችን የተዋሳቸው ጥቂት ክፍሎች ናቸው። እዚያ ከሚማሩት አንዷ ታላቅ እህቴ ይታይሽ ናት፤ የእንስሳት ጤና ነው የምትማረው። በሥራ ቀን እህል መደብር ትሠራለች። ጡት ያልጣለ ልጅ አላት፤ ባሏ ለሥራ መተማ ወርዷል። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ለእኔ ትሰጠኝና በእግሯ ሄዳ ትማራለች። ማዕከሉ ጎንደር ገባ ማለት የይታይሽ ትምህርት እዚሁ አበቃ ማለት ነው። ስብሰባው ላይ ይህን ሁሉ የሚናገሩት አያ መኳንንት ናቸው። የእኔ ሥራ አጠገባቸው መቀመጥ ነበር።

እስከ ኮሶዬ

መንገዱ ተዘጋ ተከፈተ በሚባልበት ሰሞን ስለሆነ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ላይ አማተበ። ብርዱ አጥንት ይገባል። በግራ በቀኝ የገብስ ማሳው ነጭ አመዳይ ለብሷል፤ ከየጎጆው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

አያ መኳንንት ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው ንግግራቸውን ይለማመዱ ጀመር።

«ማዕከሉን የምትነኩ ከሆነ እኛን መጀመሪያ ጠይቁ እላቸዋለሁ! ልጆቻችን ከተማ ገብተው ቤት ተከራይተው የሚማሩበት አቅም የለንም እላቸዋለሁ!»

«በሏቸው አያ!» አለች ከኋላ ዶሮ የያዘች ሴትዮ።

«ምነው ታዲያ እኛን እንደ ዕቃ ወደዚያ ወደዚህ ታዞሩናላችሁ እላቸዋለሁ!»

«ይጨምሩበት!» አለ ረዳቱ፣ ሒሳብ እየሰበሰበ። «ታሪፉንም ዝቅ አድርጉልን በሏቸው።»

«እሱን ለአንተ ነው የምለው» አሉት፤ ማኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ልቤ ተረጋጋ። እንዲህ የሚናገር ሰው ይዤ ምን እፈራለሁ?

ኮሶዬ ላይ ቁርስ ለመቅመስ ቆምን። ኮሶዬን ለማታውቁ፣ መሬቱ እዚያ ላይ ድንገት ያልቃል። ከመንገዱ ዳር ጥቂት ራመድ ብላችሁ ስትቆሙ፣ ከእግራችሁ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች ሰማያዊ እየሆነ የሚርቅ ቆላ ነው። ለሻይና ለቅቅል ድንች ሠላሳ ብር ከፍዬ፣ ድንቹን በአዋዜ እያጠቀስኩ ቆላውን አየሁ። ድንቹ ጣፋጭ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጥምዝምዝ ነው፤ የጎንደር መግቢያ የሆነችው ወለቃ ሳንደርስ ያ ሁሉ ድንች በመስኮት ወጣ። ዶሮ የያዘችው ሴትዮ ሎሚ ሰጠችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ጎንደር ስገባ ፊቴ እንደ ገብስ ማሳው ነጭ ነበር።

ጎንደር፣ ጠዋት

ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ አዳራሹ ሄድን። ባጃጇ ፒያሳን ስታቋርጥ ያለወትሮዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ሆዴ አላረፈማ። በር ላይ ስማችንን ጠየቁንና አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ሰጡን። የእኔ ካርድ «መቅደስ፣ ባለድርሻ አካል» ይላል። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ለፍላፊ ተብያለሁ፣ ቀበጥ ተብያለሁ። ባለድርሻ አካል ግን ተብዬ አላውቅም! ካርዱን በፊት ለፊት እንዲታይ ሦስቴ አስተካከልኩት።

ሰብሳቢዋ ዶክተር ሰብለ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የት ሄደ ብለው የሚፈልጉ ሴት። ጠዋቱን በሙሉ ዕቅዱ በግድግዳው ላይ እየታየ ተብራራልን። ግብ አንድ፣ ግብ ሁለት፣ ቀስት፣ ክብ፣ ደረጃ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትደርስ አንድ ወጣት ባለሙያ «ሀብትን ለመቆጠብ» ብሎ ቶሎ አለፋት። አያ መኳንንትን በክርኔ ነካ አደረግኋቸው።

«አይቻታለሁ» አሉኝ። «ከምሳ በኋላ ተራችን ነው። ቆይ ያያል።»

ምሳ

ምሳው የሠርግ ምሳ ነበር ብል አላጋነንኩም። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ዶሮ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው። ዶክተር ሰብለ ራሳቸው በየጠረጴዛው እየዞሩ «አባቴ አልበሉም እኮ፣ በሞቴ ይጨመርልዎ» ይላሉ። የአያ መኳንንት ሳህን ሦስት ጊዜ ሞላ። እኔ ሽታው ራሱ አዞረኝና ውኃ ብቻ ይዤ በረንዳ ላይ ቆየሁ።

ከዚያ የማኅበረሰብ ተወካዮች መናገር ጀመሩ። መጀመሪያ ከጭልጋ የመጡ አንዲት እናት ተነሡ። አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ተቀመጡ። ከጠዳ በኩል የመጡ ገበሬ ተነሡ። አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወጣት የተባለውን እየጻፈ ነበርና ጽሑፉ በግድግዳው ላይ ይታያል፤ ጭልጋ፦ ሙሉ ድጋፍ። ጠዳ፦ ሙሉ ድጋፍ።

አያ መኳንንት ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«እንዲህ ያለ መስተንግዶ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ቤታችሁ አይጉደል። ያሰባችሁት ይስመር። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።»

ተቀመጡ። ተጨበጨበ። የወረዳችን ስም ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ወገራ፦ ሙሉ ድጋፍ።

የሆነብኝን አልነግራችሁም። ይታይሽ ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው።

«አያ መኳንንት!» አልኩ በሹክሹክታ። «ምነው? ስለ ማዕከሉ አንድ ነገር እንኳ ሳይሉ ተቀመጡ?»

«እንዴ! ምን ልበል? የሰው እንጀራ በልቼ፣ እጄ ወጥ ወጥ እየሸተተ፣ ዞሬ ልውቀሳቸው?»

«ግብዣ እኮ አይደለም፣ ስብሰባ ነው።»

«ልጅት፣ ያቺ ሴትዮ በሞቴ ብላኛለች። በሞቴ! ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?»

«ማኪና ላይ ያሉትስ ሁሉ?»

«ያኔማ አልበላሁም ነበር።» ግንባራቸውን አሹ፤ እሳቸውም ጨንቋቸዋል። «ከምሳ በፊት ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው ነው እንዴ ያበሉን?»

ዶክተር ሰብለ ወረቀታቸውን ይሰበስቡ ጀመር። እኔ ልናገር እንዳልል፣ ትልቅ ሰው አገር ወክሎ ከተናገረ በኋላ ልጅ ተነሥቶ ሌላ ሲናገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ያኔ አያ መኳንንት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ በልተሻል?»

«አልበላሁም። አዞረኝ።»

«ምንም?»

«ውኃ ብቻ ጠጣሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «ውኃ አይቆጠርም» አሉ። «ተነሺ!»

ተነሣሁ። ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ።

«መቅደስ እባላለሁ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ነው የመጣሁት። እኔ ምሳ ስላልበላሁ መናገር ትችያለሽ ተብያለሁ።»

ወጣቶቹ ባለሙያዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ግን ገባቸው፤ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ያ ሳቅ ነው ያበረታኝ። ስለ ይታይሽ ተናገርኩ፤ ስለ ልጇ፣ ስለ እህል መደብሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጎንደር ተመላልሳ መማር እንደማትችል። ቅዳሜ የከብት ገበያ ስለሆነ መምህራቸው ገበያ ወስዶ በሬ እያስነካ እንደሚያስተምራቸውም ነገርኳቸው። «እዚህ ብትመጣ የላም ሥዕል ነው የምታየው» አልኩ። «እኛ ጋ ላሟ ራሷ አለች።»

አስቀድሞ ያብራራው ወጣት እጁን አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ መምህራኑም እኮ ሰው ናቸው» አለ። «በየሳምንቱ በዚያ መንገድ መመላለስ ሰልችቷቸዋል። የሚሄድ መምህር እያጣን ነው።»

ወደ አያ መኳንንት ዞር አልኩ። የጭልጋዋ እናት ናቸው ያዳኑኝ፤ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «አንድ መምህር ቢደክመው ይሻላል ወይስ ክፍል ሙሉ ተማሪ ቤቱ ቢቀር?» አሉ።

«እናቴ፣ እርስዎ ቅድም ደግፈው አልነበር?» አሏቸው ዶክተር ሰብለ።

«እኔ? እኔማ ዶሮውን ነው ያመሰገንኩት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጠዳው ገበሬም «እኔም እንደዚያው» ብለው ተነሡ፤ አያ መኳንንትም ተነሡ፤ ሁሉም ባንዴ መናገር ጀመሩ። ዶክተር ሰብለ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላውቅም።

«አይ እኔ!» አሉ። «እናቴ ቤት እንግዳ በልቶ ሲያማርር አይቼ አላውቅም። ይህን እያወቅሁ አብልቼ ጠየቅኋችሁ! በል፣ አንተ ኮምፒውተሩ ላይ ያለኸው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አጥፋው። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

«ዶክተር፣ ግን ራት የለም አይደል?» አሉ አያ መኳንንት በጥርጣሬ።

«የለም አባቴ። ሻይ እንኳ አላስነካችሁም።»

እስኪመሽ አካባቢ ተነጋገርን። እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ወጣቱ ባለሙያም ወንበሩን ስቦ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጠና ስለ መንገዱ፣ ስለ መምህራኑ ማደሪያ እየጠየቀ ጻፈ። በመጨረሻ ዶክተር ሰብለ የተስተካከለችውን ዓረፍተ ነገር ቆመው አነበቡ፤ ማዕከላቱ ባሉበት ይቀጥላሉ፤ መምህራን በየሁለት ሳምንቱ ይሄዳሉ፤ በመሐል ያለው ሳምንት ትምህርት በስልክ ይላካል። ያሰብነውን ሁሉ አላገኘንም፤ በየሳምንቱ ነበር የፈለግነው። ቢሆንም ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ያህል ነው የተሰማኝ። እግሬ ሁሉ ቀለለኝ።

ስንወጣ ሻይና ብስኩት ቀረበ። አያ መኳንንት ሁለት ብስኩት አንሥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«አሁን ብዪ። ነገሩ አልቋል፤ አሁን ብታመሰግኚም ያምርብሻል።»

መልስ

የመጨረሻዋን ሚኒባስ ደረስንባት። አያ መኳንንት ለተሳፋሪው የስብሰባውን ወሬ ጀመሩ። ወለቃ ላይ «ይቺ ልጅ ተናገረች» ነበር የሚሉት። ኮሶዬ ስንደርስ «ተነሺ ብዬ አስነሣኋት» ሆነ። አምባ ጊዮርጊስ መብራቷ ሲታይ ግማሹን ንግግር እሳቸው አድርገውት ነበር። አልተቀየምኩም፤ ሸጋ አድርገው ነው የሚያወሩት። እኔ መስኮቱን ከፍቼ የገብሱን ሽታ እየሳብኩ ነበር፤ በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ስመለስ አንዴም አላዞረኝም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው። ትልቅ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ሰው ምን ጊዜ እውነቱን እንደሚናገር ስለማያስቡ ሊሳሳቱ ይችላሉ። እኛም ደግሞ አፍረን መርቀን ስንቀመጥ፣ ምርቃታችን በእኛው ላይ እንደሚጻፍ አናውቅም። ሰው ሲያመሰግናችሁ ምኑን እንዳመሰገነ ጠይቁት።

ይታይሽ ልጇን አዝላ መናኸሪያው ዳር ቆማ ነበር። መንገድ ላይ ከሀ እስከ ፐ እንዴት እንደምተርክላት አሳምሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ካርዱ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ ዶሮው። ገና ከማኪናው ሳልወርድ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም?»

«አልተዘጋም።»

እዚያው የመንገዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይስቅብኛል። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ድንገት ብድግ አለች።

«ወይኔ!» አለች። «ቅዳሜ ፈተና ነበረኝ እኮ! ተዘጋ ብዬ አንድም አላነበብኩም!»

ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አሸከመችኝና እየሮጠች ወደ ቤት ሄደች። ይህን ስጽፍ ልጁ ጭኔ ላይ ሆኖ እስክሪብቶዬን ይጎትታል። ይታይሽ ጓዳ ገብታ ስለ ከብት ሳንባ በሽታ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ስትሳሳት ራሷን ትቆጣለች፤ እንደገና ከላይ ትጀምራለች።