ማንበብ ስለማልችል የተሰጠኝ ወረቀት

ሥራ የገባሁ ቀን ሲስተር ሄለን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማማ ብርቄ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

ሥራው አመለጠኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ቀለም አልቆጠርኩም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የምንፈልገው እርስዎን ነው» አለችኝ።

ከዚያ በፊት አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ጽዳት ነበርኩ። የጋራዡን ወሬ ብጀምር ስለማልጨርስ ይቅር። ይህንንም የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ቦታው ቤቴል፣ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሲስተር እዚያ የምትመራው ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ስላለ ሴቶች ነበር። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ፣ ለማን እንደነገሩ፣ ከማን እንደደበቁ ይጠየቃሉ። እኔ ከበር እቀበላለሁ፣ ውኃ እሰጣለሁ፣ ሲጨርሱ የትራንስፖርትና የውሎ ገንዘባቸውን አስፈርሜ አስረክባለሁ። የማያነብ ሰው ስማቸውን ስለማያወጣ አይፈሩኝም።

በመሐል አልቅሳ ያቋረጠችም ሙሉውን ትወስዳለች። ይህ የሲስተር ሕግ ነው። «ከቤቷ ስትወጣ ግማሿ አልቀረም» ትል ነበር።

የሚፈርሙበት ወረቀት ግን የገንዘብ ያዡ የታደለ ነው። ለቁጥጥር ይመቻል ብሎ የወሩን ስም ሁሉ ባንድ ሊስት አድርጎታል። የምትችል ስሟን ራሷ ትጽፋለች፤ ለማትችል እሱ ይጽፍላትና አሻራ ታደርጋለች።

ጽጌ እንበላት፤ ስሟ ይህ አይደለም። አስኮ መደብ ላይ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። የሚያውቃት ሰው እንዳያያት በሁለት ታክሲ ቤቴል ድረስ ትመጣለች። የመጣች ቀን መደቧ ተሸፍኖ ይውላል።

እንደ ልማዴ ወረቀቱን ዘርግቼ የአሻራውን ቀለም አቀረብኩላት።

«ኧረ እማማ! ስምንተኛ ክፍል እኮ ደርሻለሁ፣ እስክሪብቶ ይስጡኝ!» ብላ ሳቀች።

ሰጠኋት። ጎንበስ ስትል ሳቋ ቆመ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይቺ ከላይ ያለችው አከራዬ ናት» አለች። ቀጥላ ባዶውን መስመር አየችው። «እሷም ስትመለስ እኔን ታነባለች። ቤት ልቀቂ ብትለኝስ? ሰፈሩ ቢሰማ ከኔ ማን ይገዛል?»

እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነጠላዋን ተከናነበች።

«ገንዘብሽስ?»

«ይቅርብኝ።»

ወረቀቱን ለምን አልሸፈንኩም? ለኔ ዓይን የጉንዳን ሰልፍ ነው። ለኔ ምንም ስለማይነግረኝ፣ ለሌላ ሰው የሚናገር አልመሰለኝም። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ታደለ ዘንድ ገባሁ።

«ያለ ፊርማ ሳንቲም አይወጣም፣ እማማ።»

«ቀኑን ሙሉ ውላለች እኮ!»

«ኦዲተሩ ሲመጣ እርስዎ ይመልሱለታል?»

«አምጣው። ስማቸውን እንዳያነብ ዓይኑን በነጠላዬ እይዝልሃለሁ።»

ሲስተር ከወዲያ ክፍል ሰምታ ሳቀች። ነገሩን ስነግራት ግን ሳቋን ዋጠችው።

ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዷ የራሷ ቁራጭ ወረቀት ሆነ። በስም ፈንታ የካርዷ ቁጥር ይጻፍበታል፤ እሷው ፈርማ ፖስታ ውስጥ ትከተዋለች። ገንዘቡም ገና ስትገባ ይሰጣታል። ታደለ ወረቀት አለቀብኝ እያለ አንድ ወር ሙሉ አጉረመረመ።

የጽጌን ገንዘብና ቁራጭ ወረቀት በፖስታ ይዤ አስኮ ወረድኩ። ገዢ ከቧታል።

«ሁለት ኪሎ ድንች፣ የኔ ልጅ» ብዬ ፖስታውን ሰጠኋት። ከፈተችው። ቁራጯን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ድንቹን መዘነችልኝ፤ አንድ ሽንኩርት መረቀችልኝ። የድንቹን ግን አስከፈለችኝ፤ ንግድ ነው።

ገዢው ፈቀቅ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አከራዬስ?» አለችኝ።

«ስሟ እንደታየ ሲስተር ነግራታለች። ማን እንዳየው አልነገረቻትም።»

ጽጌ ሚዛኗን ጠረገች። «ከትናንት ወዲያ ኪራይ ጨመረችብኝ፣ እማማ። ድሮ ቢሆን ግቢውን በጩኸት አናጋው ነበር። አሁን አፌን ብከፍት በምስጢሯ ያስፈራራኋት ይመስላል። እሺ ብዬ ገባሁ።»

ድንቼን ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ዘንድሮ ሥራውን ለቅቄያለሁ። ሰው በአግባቡ ተከፈለው የምለው፣ ይዞት የገባውን ሁሉ እንደያዘ፣ የውሎውን ጨምሮ ሲወጣ ነው። ለጽጌ የሰጠናት የውሎዋን ብቻ ነው፤ የምትጮህበት አፏ እኛ ዘንድ ቀርቷል።