ሳትቀመጥ ያስመረቀች እናት

ይመኙሻል ልብስ ሰፊ ናት። ዲላ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ጠረጴዛ ላይ አውጥታ፣ በክርኗ እየተጫነች የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወደ ይርጋጨፌ ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ወዲህ ከወገቧ በታች አይሰማትም፤ የምትውለው ዊልቸር ላይ ነው። ከንፈር ሊመጥላት የሚመጣ ሰው ሱቋ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ወይ ክር አሲዛ ታስጠቀልለዋለች፣ ወይ ትቆጣዋለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቃ ትፈራለች፤ ቁስል። ሰው የአልጋ ቁስል ይለዋል፤ ወንበር ላይም እንደሚወጣ ማን ነግሯት! አደጋው በደረሰባት ሰሞን ከሳንቲም የማይበልጥ ቅላት መቀመጫዋን ውስጥ ለውስጥ በልቶ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ እያየች አስተኝቷታል። ሱቁ ተዘጋ፤ ትንሿን ልጇን ናፍቆትን ያበላት ጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ይመኙሻል እልኸኛ ሆነች። ደንበኛ እያናገረችም ቢሆን የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ብድግ ትላለች፣ መቀመጫዋ አየር እንዲያገኝ፣ ደሟም እንዲዘዋወር። የራሷን ቀሚስ ስትሰፋ ከኋላ ስፌትም ኪስም አታደርግበትም። በየጠዋቱ በጎኗ ተኝታ ቆዳዋን በመስታወት ታያለች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በምን ተሸወደች? በናይሎን! ታናሽ ወንድሟ ደመላሽ ለዊልቸሯ ወፍራም አዲስ ትራስ ገዝቶ አመጣላትና፣ “ናይሎኑን እንዳታወልቂው፣ ይቆሽሻል” አላት። አላወለቀችውም። እኛ ሶፋ ገዝተን ናይሎኑ ቢጫ እስኪሆን የምንቀመጥበት ሰዎች ነን፤ እሷም ከእኛው አንዷ ናት። ላቡ መውጫ አጥቶ ከስሯ ይጠራቀም ጀመር፤ እሷ ደግሞ እርጥበቱ አይሰማትም።

የናፍቆት የዩኒቨርሲቲ ምርቃት በደረሰበት ሰሞን፣ ጠዋት በመስታወቱ ስታይ የቀኝ መቀመጫዋ አጥንት ላይ ቀልቷል። በጣቷ ተጫነችው። ቢነጣ ደሙ ገና ይዘዋወራል ማለት ነበር፤ አልነጣም።

ጎረቤቷ ቫዝሊን ይዛ “ልሽሽ” ብላ መጣች። ደግነቱ ሲስተር ትንቢት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ቀድማት ደርሳለች።

“ማሸት የለም!” አለች። “የተጎዳውን ቆዳ ይብሱን ይጎዳዋል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቢው፣ ሳትፈትጊ በጨርቅ አድርቂው። ከዚያ አትቀመጪበት። መድኃኒቱ አለመቀመጥ ነው።”

“እስከ መቼ?”

“ቅላቱ እስኪጠፋ።” ትራሱን ስትዳብስ እጇ ረጠበ። “ይሄን ናይሎን ማን ተወው?”

ይመኙሻል የሱቋን መቀስ አምጡልኝ ብላ ናይሎኑን ራሷ ቀደደችው። ምርቃቱ ግን ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ቅርብ ነው። ለዚያች ቀን ብላ ስንት ዓመት ሰፍታለች! ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

“አንድ ቀን ብትቀመጪ ምን ትሆኛለሽ?” አለ ደመላሽ።

“ክረምቱን እተኛለኋ! ለመስከረም ዩኒፎርሙን አንተ ትሰፋልኛለህ?”

 ከግድግዳው ድንገት ወደ እሱ ዞረች።

“ምርቃት ተቀምጦ ብቻ ነው የሚታየው ያለው ማነው? ፒካፕህን እጠብና ፍራሽ አንጥፍበት።”

“በደረትሽ ተኝተሽ? ኧረ ሰው ምን ይላል፣ እታለም!”

“የፈለገውን ይበል። ቁስሉ ሲወጣ አብሮኝ አይተኛ!”

ቅዳሜ ጠዋት ቅላቱን ስትጫነው ነጣ አለላት። ደመላሽ “ይኸው፣ ዳንሽ!” ብሎ ዊልቸሩን አቀረበ። ይመኙሻል ወንበሩን አየችው፤ አማራት፣ ልቧ ተከፈለ። “ነጣ እንጂ መች ጠፋ? ፍራሹ ላይ አውጣኝ” አለችው።

አላፈረችም ማለት ውሸት ነው። ፒካፑ በአስፋልቱ ሲያልፍ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትንሽ ሄደው ግን ሙቀቱም ንዴቱም ሲበዛባት ገለጠችው፣ አገጯን በእጇ ደግፋ እሷም ሰዉን ታይ ጀመር።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ቦና መኪናውን አስቆመ። “ታመው ከሆነ ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው፣ እናቴ።”

“አልታመምኩም። እንዳልታመም ነው የተኛሁት። ልጄን ላስመርቅ መጥቻለሁ።”

ቦና ፍራሹን አየ፣ አዲሱን ቀሚሷን አየ። ከዚያ በሩን ከፈተና አዳራሹ አጠገብ ካለው ዛፍ ጥላ ስር እንዲያቆሙ አሳያቸው። የናፍቆት ስም በድምፅ ማጉያው ሲጠራ ይመኙሻል እልልታዋን አቀለጠችው። ተኝቶም እልል ይባላል ለካ!

አዳራሹ ሲለቀቅ ናፍቆት ጋዋኗን እየጎተተች በሩጫ መጣችና እናቷን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ፎቶ አንሺ ተከትሏት መጣ፣ ካሜራውን አነጣጠረና አወረደው።

“እናትየው ትንሽ ቀና ቢሉልኝ። ለፎቶው አያምርም።”

ይመኙሻል ፊቷ ጠቆረ። በክንዷ ተደግፋ ለመነሳት ስትሞክር ናፍቆት ትከሻዋን ያዘቻት። ጫማዋን አወለቀች፤ ፒካፑ ላይ ወጣች፤ ከነጋዋኗ እናቷ ጎን በደረቷ ተጋድማ አገጯን እንደ እናቷ በእጇ ደገፈች።

“አሁን አንሳን” አለችው።