ውሃ አድማጮቹ

እኔ የተማርኩት ቢሮ ለመግባት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አጎቴ ያሰፋልኝን ኮት ለብሼ ውሃ መሥሪያ ቤት ስቀጠር ጠረጴዛና ወንበር ይሰጡኛል ብዬ ነበር። የሰጡኝ ግን የላስቲክ ቦት ጫማ ነው። «ለጊዜው ከካቦው ጋር የካ ውጣ» አሉኝ። ለጊዜው! እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቦቱን ታቅፌ ከሾላ ገበያ ወደ ላይ ዳገቱን ስያያዘው በሆዴ የተሳደብኩትን ዛሬም ለሰው አልናገረውም።

ይህ እንግዲህ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ካቦው ስድሳ የተጠጉ፣ ቧንቧ መቅበር በጣሊያን ጊዜ የለመዱ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራቸው መሬት ውስጥ የሚፈስ ውሃ መፈለግ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ቧንቧ ሲሰነጠቅ ውሃው ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቅ አይልም፤ አፈሩ ይጠጣዋል፣ ወይም ሾልኮ ፈፋ ይገባል። ታች ሰፈር ያለው ቦኖ ይደርቃል፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ይጮኹብናል፣ ላይ ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው። የት ብለህ ትቆፍራለህ?

ጋሼ አንድ ብረት ነበረቻቸው። ርዝመቷ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው፤ አናቷ ላይ እንደ ሲኒ የተቦረቦረ እንጨት ተሰክቶባታል። ቧንቧው ባለፈበት መሬት ላይ ይተክሏትና ተንበርክከው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ይለጥፋሉ። የቀን ሠራተኞቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ። ጋሼ ቆይተው ቆይተው ይነሱና ብረቷን ለእኔ ያቀብሉኛል።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ሁሌ እንደዚያ ነበር። መጀመሪያ የሚፈትኑኝ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ ተውኩት። ሱሪዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ እያልኩ እየተነጫነጭኩ እንበረከካለሁ። እውነቱን ለመናገር ይሰማኛል። ከሩቅ፣ ሕፃን የምታባብል እናት «እሽሽሽ» እንደምትለው ያለ ቀጭን ድምፅ ነው። «እዚህ ጋ» ወይም «ትንሽ ወደ ላይ» እላለሁ። እሳቸውም «ጮክ በል እንጂ! ምን እንደ ሙሽራ ታንሾካሹካለህ?» ይሉኛል። ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» ይላሉ፤ ይቆፈራል፤ ውሃው እዚያው ይገኛል። ሠራተኞቹ «አቤት የጋሼ ጆሮ!» እያሉ ያደንቃሉ። እኔም አብሬ አደንቃለሁ።

ዓመት ያህል እንዲህ ሆኖ አንድ ሐሙስ ቀን የዝውውር ደብዳቤዬ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት! ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። አጣጥፌ ኮቴ ኪስ ከተትኩት፤ በየመንገዱ እየቆምኩ እንዳልጠፋ እዳስሰዋለሁ።

በማግሥቱ ዓርብ የካ ዳገት ላይ ሥራ ነበረን። የታችኛው ቦኖ ከደረቀ ስምንት ቀኑ ነው። ቧንቧው የሚያልፈው በአንዲት ባልቴት ጓሮ ነበር። ሴትዮዋ ጌሾ ተክለው ቅጠሉን ሾላ እያወረዱ እየሸጡ ነው የሚኖሩት። ጋሼ ጌሾው መሀል ተንበርክከው አዳመጡና ብረቷን ሰጡኝ። ተንበረከክሁ፤ ልቤ ግን መዝገብ ቤት ነው። ጠረጴዛዬ በመስኮት በኩል ይሆን ወይስ በበር በኩል? አንድ እምም የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ።

«እዚሁ ነው።»

«ጮክ በል!»

«እዚሁ ነው አልኩዎት!»

ቁፋሮው እስከ ስድስት ሰዓት ቀጠለ። አሥራ ሁለት እግር ጌሾ ከነሥሩ ተነቀለ። በመጨረሻ ቧንቧው ታየ፤ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ የለበትም። ባልቴቷ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ጮኹ፤ «ገደላችሁኝ! ሟች ባሌ በእጁ የተከለውን! ምን በልቼ ልኑር?» አሉ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። በባልቴቷ ቋንቋ በኦሮምኛ ብዙ ለመኗቸው፤ ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ ደገሙት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ያዳመጥኩት እኔ ነኝ።»

ማፈር ሲገባኝ ተናደድኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። ጋሼን ከጓሮው ጀርባ ወዳሉት ባሕር ዛፎች ወስጄ ጮህኩባቸው። «እርስዎ አልሰሙም እንዴ? እዚያ እንዳልሆነ እያወቁ ለምን ዝም አሉ?»

ጋሼ የሚያዩት አፌን ነበር። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን። ይህን ልብ ያልኩት ገና ያን ጊዜ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ምኑን ሰምቼ?» አሉኝ። «ካምና ክረምት ወዲህ ይቺ ብረት ለእኔ ዱላ ናት። ሰው ሲጮህ እሰማለሁ። ውሃ ግን አልሰማም። ቢሮ ካወቁ በዚያው ቀን ያሰናብቱኛል።»

ወይ ጉድ! ካምና ክረምት ወዲህ? እና የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለውን ስንጥቅ ማን አገኘው? በካራ መንገድ የተቀበረውን፣ ሦስት ሰፈር ውሃ ያስጠማውን? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉት እውነት ነው፤ ስንት ቦኖ በእኔ ጆሮ ውሃ ሲያገኝ ባለቤቱ አልሰማም። ቢሮ፣ ክራባት፣ ጠረጴዛ እያልኩ የተነጫነጭኩበት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ነበርኩ የማዳምጠው። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን ፈርቼ አላውቅም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትፈራ ነበር። ስትሰማ ፊትህ ይለወጣል። እኔ እሱን እያየሁ ነበር የማስቆፍረው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ዓይንህን እንኳ አልጨፈንክም» አሉኝ። «ግን ሴቶቹን ስምንት ቀን አስጠማናቸው። ምናልባት ቢገኝ ብዬ ነው ያስቆፈርኩት።»

ብረቷን አንስቼ ከጓሮው ወጣሁ፤ በአጥሩ ጥግ ወደ ላይ በየአምስት እርምጃው እየተንበረከኩ አዳመጥኩ። የምሰማው እኔ መሆኔን አውቄ ሳዳምጥ የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ምት ነበር። ቀጥሎ ከመንገዱ ላይ የአህያ ኮቴ መጣ፣ ከዚያ የባሕር ዛፍ ሥር ሲንቋቋ። ሃያ እርምጃ ያህል ወጣ ብዬ ብረቷን ስተክል መጣ። አቤት! እሽሽታ ብቻ አልነበረም። ከሥሩ ደግሞ ወፍራም ድምፅ አለ፤ ከተራራው እስከ ታች ሰፈር ድረስ የሚሄደው ውሃ ሁሉ በጉንጬ አጥንት በኩል አለፈ። ይህ ሁሉ ዓመት ሙሉ ከእግሬ ሥር ሲሄድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቦቴን እረግማለሁ። እንባዬ መጣ። ምን እንዳስለቀሰኝ ዛሬም በደንብ አላውቀውም፤ ደስታም ነበረበት፣ እፍረትም።

ቀና ስል ጋሼ ፊቴን እያዩ ቆመዋል። ሳልናገር ወደ ሠራተኞቹ ዞረው «ቆፍሩ!» አሉ።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ፈንድቶ ሁላችንንም አበሰበሰን። ቧንቧውን ከጠገንን በኋላ ጌሾውን አንድ በአንድ መልሰን ተከልነው፤ ግማሹ ጸደቀ፣ ግማሹ ደረቀ። ባልቴቷ ውሃውን ፊታቸው ላይ ረጨት አድርገው «ጌሾዬን ግን አልረሳውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ያነሱብኝ ነበር።

ስንለያይ ጋሼ ኪሴን በአገጫቸው ጠቆም አደረጉ። ለካ ደብዳቤውን አይተዋል። «ሰኞ ሂድ» አሉኝ። «እኔን መርዳቱን የጽድቅ ነገር አድርገህ አትያዘው። ወጣት ነህ፤ ጉድጓድ ውስጥ አታርጅ።»

«እርስዎስ?»

«እሱ ያውቃል» አሉና ብረቷን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ።

ሰኞ ሄድኩ። ጠረጴዛው በመስኮት በኩል ነበር። ወንበሩ ይሽከረከራል። አለቃው ደግ ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ። እስከ አራት ሰዓት ፋይል ገለበጥኩ፤ ጽሑፉን አያለሁ እንጂ አላነበውም። ዛሬ ጠዋት የት ነው የሚያዳምጡት? ብረቷን ለማን ነው የሚሰጡት? እያልኩ በመስኮቱ ወደ የካ ተራራ አያለሁ። በመጨረሻ ተነሳሁ። አለቃው «ምነው፣ አመመህ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ወደዚያ ወንበር አልተመለስኩም፤ በኋላ ደብዳቤውን መልሼ ስሰጠው «አብደሃል እንዴ?» አለኝ።

የካ ስደርስ ሠራተኞቹ አካፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼን ዛሬ ምን ነካቸው?» አለኝ። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከዚያች ቦታ አልተነሱም።»

ጋሼ ከፈፋው አፋፍ ተንበርክከዋል። ጆሯቸው እንጨቱ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ፀሐዩ ጀርባቸውን መትቶታል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ቢነሱ የሚሉት ነገር ስለሌላቸው፣ ምንም የማይሰማቸውን መሬት ያዳምጣሉ።

አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ኮቴን አዩ፤ አዲሱን ሱሪዬን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ብረቷን ተቀብዬ በአዲሱ ሱሪዬ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ።