ጥገኝነት የጠየቀው የአረፋ በጌ

ዛሬ ለአረፋ ላርደው የነበረው በግ አምልጦኝ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ግቢ ገባ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ አልሰጥም አሉ።

የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት የሚያውቅ፣ በጀለቢያ በግ ማባረር ምን እንደሚመስል ይገባዋል።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ናቸው። በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ።

"የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው ወደኛ ሲመጡ፣ አሳልፋችሁ ስጡን የሚሉ መልእክተኞች ተከትለዋቸው ነበር። ንጉሡ ሰጠ?"

"አልሰጠም" አልኩ። ምን ልበል፤ ይህን ታሪክ በየዓመቱ በኩራት የማወራላቸው እኔው ነኝ።

"እኔም አልሰጥም።"

ቤት ባለቤቴ ድስት ጥዳ ትጠብቃለች፤ ዘመዶቻችን ከወራቤ ገብተዋል። እኔ ሙስሊሙ በመካ መልእክተኞች ቦታ ቆሜያለሁ።

ሥጋ እልክልዎታለሁ እንዳልላቸው የእኛን እርድ አይበሉም። ስለዚህ አንድ ካርቶን ባቅላባ ይዤ ተመለስኩ።

"እነዚያም ስጦታ ይዘው ነበር የመጡት" አሉና ባቅላባውን ተቀብለው በሩን ዘጉ። (ንጉሡ ስጦታውን መልሶላቸዋል። ጋሽ ታደሰ እዚያ ምዕራፍ ላይ አልደረሱም መሰለኝ።)

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተበረገደ። ጋሽ ታደሰ በጉን በገመድ እየጎተቱ ወጡ፤ በጉ አፉ ሙሉ ቅጠል ነው።

"እንካ ውሰድልኝ" አሉ። "ንጉሡ የጓሮ ጎመን አልነበረውም።"

እናንተስ፣ በኩራት የምታወሩት ታሪክ ዞሮ እናንተኑ የያዘበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሳቅ።