ቀጀላ ከጥዱ ጀርባ

የአያቴ አያት ቀጀላ ሰባት ወንዶች ልጆች ወልዶ፣ ሰባቱንም ድሮ፣ ሰባት ምራት ያስገባ ሰው ነበር። ይህን የምናውቀው ማንም ሳይጠይቀው ለመንገደኛ ሁሉ ይናገረው ስለነበር ነው። በቤተሰባችን ያለው ጉራ ከየት መጣ የምትሉ ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ፣ ከሱ ጀምሩ።

ዘመኑ ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ የነበረበት ነው። ዛሬ ጉርድ ሾላ ታክሲ ስትጠብቁ ሰልፉ ረዘመ ብላችሁ የምትነጫነጩበት ሜዳ ያኔ የገብስና የሽንኩርት ማሳ ነበር። የማወራላችሁም በሰልፍ ስለተሸነፈ ሰው ስለሆነ፣ ብትነጫነጩ እንኳ ታሪክ እንዳለው እያወቃችሁ ይሁን።

ከየካ ተራራ አንድ ምንጭ ይወርዳል። ምንጩን በአንድ ቦይ የሚጠጡ ሁለት ሰፈሮች አሉ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። ቀጀላ የታች ሰፈር ሰው ነው። ውሃውን ተራ የሚያስይዙት ሦስት የውሃ ዳኞች ሲሆኑ፣ ከምንጩ አጠገብ ካለ ትልቅ ጥድ ሥር በሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ይቀመጣሉ። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ሁለቱም ሰፈር ተሰብስቦ ይመርጣቸዋል። ውሃ የሚቀዳ ሁሉ ይመርጣል፣ ሴት ወንድ የለም። ይህን ያመጣው የላይ ሰፈሩ ከበበ ነው። ለሴቶች አዝኖ እንዳይመስላችሁ፣ የሱ ሰፈር ሴቶች ስለሚበዙ ነው።

እንግዲህ አመራረጡ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ስም ይጠራል። ላይ ሰፈር ስልሳ ስድስት ሰው አለው፣ ታች ሰፈር ሃያ ስምንት። ስልሳ ስድስቱ ከበበን፣ የከበበን ወንድምና የከበበን አማች ይጠራሉ፤ ሃያ ስምንቱ የፈለጉትን ቢጠሩ ማን ሰምቷቸው! ሦስቱም ድንጋይ በየዓመቱ ላይ ሰፈር ይገባል። ዳኞቹ ደግሞ ቀኑን ለራሳቸው፣ ሌሊቱን ለታች ሰፈር ይሰጣሉ። ሌሊት ውሃ ማጠጣት ማለት ከእንጦጦ ጅብ ጋር ማሳ መጋራት ነው። አንድ ዓመት የቀጀላን አህያ በላበት። በሚቀጥለው ዓመት የሦስተኛ ልጁን ባት ነክሶ አንካሳ አደረገው።

ያኔ ቀጀላ ተነሣ። ለሁለቱም ሰፈር የሚሸመግሉት ቄስ፣ መምሬ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ሄዶ አቤት አለ።

«መምሬ፣ አንድ ሰው ስንት አፍ አለው?»

«አንተ ካልሆንክ በቀር አንድ» አሉት።

«እንግዲያው ሦስት ስም ለምን ይጠራል? እያንዳንዱ ከሚፈልገው ከአንድ ሰው ኋላ ይሰለፍ። ሰልፋቸው የረዘመ ሦስቱ ድንጋዩን ይያዙ።»

መምሬ ጢማቸውን አሻሽተው አሰቡና ትክክል ነው፣ የዘንድሮው ምርጫ እንዲህ ይሁን አሉ። ቀጀላ እየዘለለ ወደ ቤቱ ወረደ። አስልቶታል። ከበበ ስልሳ ስድስት ሰዎቹን ለሦስት ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ሃያ ሁለት ይደርሳል። ታች ሰፈር ግን ራሱ ቀጀላ ተቆጥሮ ሃያ ስምንቱም በአንድ ሰልፍ ቢቆሙ አንዱ ድንጋይ የነሱ ነው። የሚቀመጥበትን አጎዛ እንኳ በዚያው ቀን መረጠ።

አንድ ነገር ረስቷል። በእኛ ወገን ወግ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ፊቱ አትቆምም፣ እሱ ባለበት አትቀመጥም። ሲመጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ዘወር ትላለች። አንድ ቀን አማቷ «በቃሽ፣ ተፈትተሻል» ብሎ በግ ካልሰጣት በስተቀር እንደተሸሸገች ታረጃለች። ቀጀላ አንዷንም አልፈታም። ወግ አጥባቂ ነኝ ይል ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ በግ ስለሚሰስት ነው።

የምርጫው ቅዳሜ ደረሰ። አራት ሰዎች ቆሙ፣ አራት ሰልፍ ተሠራ። መምሬ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። የከበበ ሃያ ሁለት፣ የወንድሙ ሃያ ሁለት፣ የአማቹ ሃያ ሁለት። የቀጀላ ሃያ አንድ።

«ሰባት ይጎድሉኛል!» ብሎ ጮኸ ቀጀላ።

«የት አሉ?» አሉ መምሬ።

ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። ከጥዱ ጀርባ ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«ምራቶቼ ናቸው፣ ይቆጠሩልኝ» አለ ቀጀላ።

«ይምጡና ይሰለፉ» አሉ መምሬ።

«ኧረ ነውር ነው! እኔ ባለሁበት?»

ከበበ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «መምሬ፣ ከዛፍ ጀርባ ያለ ሁሉ የሚቆጠር ከሆነ እኔም የጫካውን ጦጣ ላስቆጥር!»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ታች ሰፈር ተቆጣ፣ ላይ ሰፈር ተሳለቀ፣ ከምንጩ ዳር ዱላ ሁሉ ተነሣ። ምርጫው ተበላሽቷል የሚልና አልተበላሸም የሚል እስኪደማመጥ የመምሬ ምሳ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ መምሬ፣ «ቀጀላ፣ ጠብህ ከከበበ ጋር አይደለም፣ ከገዛ ወግህ ጋር ነው። ለማንኛውም የሚመጣው ቅዳሜ ይደገም» ብለው ገላገሉ።

ቀጀላ በማግሥቱ ልቡ እየደማ ሰባት በጎች ለየ። ወሬ ክንፍ አለው፣ ከበበ ሰማ። ወዲያው ወደ መምሬ ሮጠ። «ጉቦ ነው! በበግ ሰው ሊገዛ ነው!» አለ። መምሬም ከምርጫ በፊት በግ የሰጠ ከምርጫው ይሰረዛል ብለው ላኩበት።

«ለገዛ ምራቴ?» አለ ቀጀላ መልእክተኛውን።

«ለገዛ ምራትህም ብለዋል።»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት እያለ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ጂቱ ከጓሮ ጎመን ይዛ መጣችና አጠገቡ ቆመች። ጂቱ ብዙ አትናገርም፤ ከቀጀላ ጋር የኖረ ሰው መቼ ተራ ያገኛል?

«የጎበና አባት» አለችው፤ ጎበና የበኩር ልጃቸው ነው። «ምራቶቻችን የማይሸሹት አንድ ሰው እዚህ ቤት አለ።»

«ማን?»

«እኔ።»

ቀጀላ ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ ተወ። «አንቺ ድንጋይ ላይ? እኔ ደግሞ ከኋላሽ?»

«የልጄን ባት በዚህ እጄ ነው ያሰርኩት። የሚቀጥለውንስ ልጅ ማን ያስርልኝ? እስቲ ይንገሩኝ፣ የሚፈልጉት ድንጋዩን ነው ወይስ ውሃውን?»

የሚፈልገው ሁለቱንም ነበር፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ድንጋዩን ትንሽ አስበልጦ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ። ጎመኑን ጨው የለውም አለ፣ ጨው ሲጨመርለት በዛ አለ። ዓርብ ዕለት አጎዛውን ከተሰቀለበት አውርዶ ለጂቱ ሰጣት።

ቅዳሜ ጂቱ አጎዛውን በክንዷ ይዛ ከጥዱ ፊት ቆመች። ላይ ሰፈር በሳቅ ሞተ። እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ልጆቿ ከኋላዋ ተሰለፉ፣ ጎረቤቶቿ ተሰለፉ። ከዚያ ሰባቱ ምራቶች፣ ትንሿ ዲንቄ ከፊት ሆና፣ ዓይናቸውን ሰብረው መጥተው ገቡ። የከበበ ሳቅ አነሰ።

የቀረው ቀጀላ ብቻ ነበር። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከሚስቱ ኋላ የሚሰለፍ የመጀመሪያው ወንድ ለመሆን ቆርጦ መጣ። ሁለቱም ሰፈር ያየዋል። ወደ ሰልፉ መጨረሻ ጠጋ ሲል ዲንቄ ነጠላዋን ሳበች። ሌሎቹም ሳቡ። አንዷ ወጣች፣ ሁለተኛዋ ተከተለች።

ይህን ማንም አላሰበውም፣ ጂቱም ጭምር። እሱ ሲገባ እነሱ ይወጣሉ፤ ሰልፉ ተመልሶ ሃያ አንድ ይሆናል።

«ግባ እንጂ ቀጀላ!» አለ ከበበ እጁን እያሻሸ። «ማን ከለከለህ? አንተም እኮ ውሃ ትጠጣለህ!»

ቀጀላ እግሩን አንሥቶ ቀረ። እንዲቆጠር ነበር የመጣው። ይህን ሁሉ አመራረጥ ያስለወጠው እሱ፣ ዛሬ ከሁሉ ሰው እሱ ብቻ ሊቀር ነው። ጂቱን አያት። ጂቱ መሬት መሬት ታያለች። አንካሳ ልጁን አየው። ከዚያ ዞረና ከጥዱ ጀርባ ሄደ፣ ምራቶቹ ባለፈው ከቆሙበት ቦታ ቆመ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ፣ ጀርባውን ሰጠ። ምራቶቹ ወደ ሰልፉ ተመለሱ።

«ሃያ ሰባት!» አሉ መምሬ።

ታች ሰፈር በእልልታ ተናወጠ። የላይ ሰፈሮቹ ሦስቱም ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ስለሆኑ ለቀሩት ሁለት ድንጋዮች ዕጣ ተጣለ። አጥብቆ እኩል ያካፈለው ከበበ ራሱ ወደቀ። ይህን ስናገር ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም።

በዚያ ሁሉ ግርግር ቀጀላን ያስታወሰው የለም። እልልታ ይሰማል፤ የማን እልልታ እንደሆነ አያውቅም። ዞሮ እንዳያይ ምራቶቹ አሉ። ጂቱ እስክትመጣ እዚያው ቆመ።

«አገኘን» አለችው።

«ምራቶቹ እንዲህ ነው የሚቆሙት?» አለ።

«ጎበና ከተዳረ ጀምሮ።»

አፈረ። ከጋቢው ውስጥ ለመውጣት እንኳ ጊዜ ፈጀበት።

በማግሥቱ ሰባቱን በጎች ሰጠ። ምርጫው አልፏልና ጉቦ የሚል አልነበረም። «ተፈትታችኋል፣ በስሜ ጥሩኝ» አላቸው። የትኛዋ ትጥራው? ዓመታት የታሰረ ምላስ በበግ አይፈታም። እሱ ሲመጣ መሸሽ ተዉ እንጂ ስሙን ያወጣች አልነበረም። ቀጀላም አልጎተጎተም፣ ይህ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጂቱ ከድንጋይዋ ላይ ሆና ለታች ሰፈር የመጀመሪያውን የቀን ተራ ያስያዘች ዕለት፣ ዲንቄ ከማሳው ራስ ቦዩን ስትጠብቅ ነበር። ይህቺ ዲንቄ የአያቴ እናት ናት። ፀሐይ አናት ላይ እያለች ውሃው እያብረቀረቀ ሲወርድ አየች። ቀጀላ ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል።

«ቀጀላ!» ብላ ጮኸች። አባም የለ፣ እርስዎም የለ። «ቀጀላ! ውሃው መጣ!»

ማሳው ላይ ያለ ሁሉ ደነገጠ። እሷም አፏን በእጇ ያዘች።

ሰባት ወንዶች ልጆች ያሉት ቀጀላ ዶማውን ጥሎ ቀና አለ።

«አቤት!» አለ።