የሙሴ ጉስታፍ የአበባ ቢራ

የተሰደደ ሰው ሁሉ ታሪኩን «በሌሊት ወጣን» ብሎ ይጀምራል። እኛ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በሞጣ ገበያ መሀል ነው። የቀበሌ ታጣቂዎች ለብሔራዊ ውትድርና ሰው የሚለቅሙት ሌሊት ሌሊት፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለነበር፣ በቀን ገበያ ውስጥ ማን ይፈልገናል ብለን ነው። ባለቤቴ ይስማው አንድ ጆንያ ጌሾ ተሸክሞ ነጋዴ መሰለ። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለቅሶ የምሄድ መሰልኩ። ኬላው ላይ ታጣቂው አስቆመኝና «ማን ሞተብሽ?» አለኝ።

«አጎቴ።»

«ነፍስ ይማር። በምን ሞተ?»

ይህን መች አሰብንበት! አፌ ላይ እንደመጣልኝ «በሳል» አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ። «እኔንም ሰሞኑን ያስለኛል፤ ያሰጋል እንዴ?» ሲለኝ ማር በሎሚ ጠጣበት ብዬ መክሬው አለፍኩ። እንግዲህ አገሬን የተሰናበትኩት ጠመንጃ ለያዘ ሰው መድኃኒት አዝዤ ነው። የጭነት መኪናው ሲነሳ ግን የውሸት ለቅሶዬ የእውነት ሆነና እስከ ባሕር ዳር ስነፋረቅ ሄድኩ። ይስማው ከጌሾው ጆንያ ላይ ተቀምጦ «ኧረ በቃሽ ስመኝ፣ ሰው ያየናል» ይለኛል፤ የሱም ዓይን ፍም መስሎ ነበር።

የመተማን በረሃ አልተርክላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አያምነኝም። ገዳሪፍ ካምፕ እንደገባን ሳንባዬን ታመምኩ። የእርዳታ ሰዎቹ ለሕክምና ቤልጂየም ወደሚባል አገር እንልክሻለን አሉኝ። «ባሌስ?» ስላቸው «የታመምሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ይስማው ካርቱም ወርዶ መኪና እያጠበ ሊጠብቀኝ ቀረ። «ሂጂ ግድ የለሽም፣ ድነሽ ትወስጂኛለሽ» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲያ ይህን ሰው ከማምጣት በቀር ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። ስበላም እሱን ነው፣ ስተኛም እሱን ነው።

ዳንኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሆስፒታል ስወጣ ብራስልስ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ቢራ ቤት ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየሁ። የቤቱ ጌታ ሙሴ ጉስታፍ ይባላል፤ «ሙሴ» በነሱ «አቶ» ማለት ነው። ቁመቱ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ ሳቁ መንደር የሚቀሰቅስ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ብርጭቆ አጥብለታለሁ። ክፉ ነው እንዳልል ብርድ ሲበረታ የራሱን ብርድ ልብስ ያወጣልኝ እሱ ነው። ከዚህ አገር ብርድ ጋር ሲተያይ መቼም የጮቄ ተራራ ብርድ ምን አለው! የጮቄው ፀሐይ ሲወጣ ይለቅሻል፤ የዚህኛው ፀሐይም እያለ አጥንትሽ ውስጥ ተጋድሞ ይውላል። ምግባቸው ጨው የረሱት ይመስላል። ሰላምታቸውም «ቦንዡር» ብለው እልም ነው፤ እናትሽ ደህና ናት፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ክረምቱ እንዴት ነው፣ ምንም የለም። መጀመሪያ መጀመሪያ ተቀይመውኝ ይመስለኝ ነበር።

ትንሽ ፈረንሳይኛ እንደለመድኩ ኮሚውን ወደሚሉት የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ባሌን ማምጣት እፈልጋለሁ አልኩ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰውዬ ክራቫቱን አስተካከለ። ቋንቋቸው አክብሮት ያውቃል፤ ሲገርፉም በአክብሮት ነው።

«ማዳም፣ ባልዎ ለመሆኑ ማስረጃ አለዎት?»

«የሞጣ ሰው በሙሉ ሠርጋችንን በልቷል።»

«ፎቶግራፍስ?»

«ፎቶ አንሺው ሰክሮ ነበር።»

ይሄ እንኳ እውነቴን ነው። ሰውየው ካርታ አወጣ፣ በመነጽሩ ፈለገ፣ በጣቱ ፈለገ። «ሞጣ የሚባል ቦታ እዚህ ላይ የለም» አለኝ።

«ታዲያ እኔ ከየት መጣሁ?»

«እሱን ነው የምንጠይቅዎት፣ ማዳም።»

ተመላልሼ፣ ተመላልሼ፣ በስንት ልመና ሞጣ መኖሯን አመኑልኝ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አከራዬ ክፍሉ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ባልዋም ቢኖርበት ፈቃዴ ነው ብሎ መፈረም አለበት። እሱ ካልፈረመ ይስማው አይመጣም። ሌላ ክፍል ደግሞ ለጥቁር የሚያከራይ አጥቼ ስንት በር እንደተዘጋብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሙሴ ጉስታፍን ስጠይቀው «ኦን ቬራ» ይለኛል፤ እናያለን ማለት ነው። በፋሲካም እናያለን፣ በግንቦትም እናያለን። እምቢ እንኳ አይልም፤ ቢልማ ቁርጤን አውቄ አለቅስ ነበር።

የነሱ በጋ ሲገባ ሰውየው አዲስ ጉድ አመጣ። በየዓመቱ ምድር ቤቱ ውስጥ ለራሱ ደንበኞች ብቻ የሚሆን ጥቂት ቢራ ይጠምቃል። ያን ዓመት ግን ፍሬና አበባ ጨምሬ የምጠምቀው ቢራ አገር ያነጋግራል ብሎ ተነሳ። ፍሬው ሰሪዝ ይባላል፤ ቀይ ነው፣ ድብልብል ነው፣ ከቀጋ ፍሬ ትንሽ ከፍ ይላል። አበባው ነጭ፣ ደቃቅ፣ እንደ እንስላል አናቱን የዘረጋ ነው፤ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። እናቴ ቢቸና ላይ ዕድሜ ልኳን ጠላ ሻጭ ናት። ጋን ውስጥ አበባ የሚጨምር ሰው ብታይ እጁን ይዛ ፀበል ትወስደው ነበር። እኔ ግን አፌን ዘግቼ አብሬው ሠራሁ። አበባውን ለቀምኩ፣ የፍሬውን ዘር አወጣሁ፣ እጄ እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ እጅ መስሎ ሰነበተ። ሙሴ ጉስታፍ ደስ አለውና «ቢራው በሚቀመስበት እሁድ ስለ ባልሽ መልስ እሰጥሻለሁ» አለኝ። ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም።

እሁድ ደረሰ። የሚቀርቡት ሰዎች ሁሉ ተጠርተዋል፤ ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ ሚስቱ ማዳም ሮዝ አለች፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ አለ። ያን ጊዜ የአገራችንን ረሃብ በቴሌቪዥን ነጋ ጠባ ያዩ ስለነበር፣ እኔን ሲያዩኝ ሆዴን ነው የሚያዩት። ሙሴ ጉስታፍ ሆዱ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ቀዳ። ቀለሙ ቀይ፣ አረፋው ሐምራዊ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ወደኔ መጣና «የመጀመሪያው ብርጭቆ ለኛዋ ኢትዮጵያዊት!» አለ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ምን እንደጠበቅሁ ታውቃላችሁ። እዚህ ለሚወለዱት ልጆቻችን ግን ላስረዳ። በኛ አገር መጠጥ የሚሰጥ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይሰጥም። እናቴ ለንጉሥም ይሁን ለለማኝ ቀምሳ ነው የምትሰጠው። ይልቁንም በደርግ ጊዜ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚፈራበት ዘመን፣ ያልተቀመሰ ዋንጫ የተሰጠው ሰው ዋንጫውን አስቀምጦ ተነስቶ ይሄዳል። ደግሞ እንግዳው ባለቤቱን ቀድሞ ቢጎነጭ ስድነት ነው፣ ቸኮለ፣ ነጠቀ ነው የሚባል። እኔ ሰውየውን ጠርጥሬው አይደለም፣ በፍጹም። ባሌን የሚሰጠኝ ሰው ነው፤ እንደ አባቴ ላከብረው ብዬ ነው።

እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ።  በኋላ የረሳው መሰለኝና በተቻለኝ ትሕትና «ሙሴ፣ እርስዎ ይቅመሱልኝ» አልኩት።

ዳቦ ጋጋሪው ጠረጴዛውን መታ። «እውነቷን ነው ጉስታፍ! እኔም ያንተን ቢራ አንተ ሳትጠጣ አልነካትም!» አለና ቤቱን በሳቅ አደበላለቀው። የሙሴ ጉስታፍ አንገት እንደ ቢራው ቀላ። በወዳጆቹ ፊት፣ ያን ሁሉ በደከመበት ቀን፣ እኔ ብርጭቆ አጣቢዋ አዋረድኩት።

«መርዝ ያደረግሁበት መሰለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! አይደለም ሙሴ፣ የኛ አገር… መጀመሪያ የሚሰጠው ሰው…» ፈረንሳይኛው ጥሎኝ ጠፋ። የለመድኩትም አፌ ላይ ተተበተበ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ፤ ፈገግ አለ ደግሞ። «ቀማሽ ነው የምትፈልጊው። ቀማሽማ አለን!»

አፏጨ። ውሻው ቶቶ ከባንኮኒው ሥር ጭራውን እየቆላ ወጣ። ሙሴ ጉስታፍ ብርጭቆውን ከእጄ ላይ ወሰደ፣ በርከክ አለ፣ ከውሻው አፍ ሥር ያዘለት። ውሻው አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ ላፍ ላፍ አደረገው። ማዳም ሮዝ «ኦ ጉስታፍ፣ ተው እንጂ» ትላለች፣ በእጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ፖሊሱ ከሳቁ የተነሳ እንባውን ይጠርጋል። ሙሴ ጉስታፍ የብርጭቆውን ከንፈር በሽርጡ ጠረገና መልሶ አስያዘኝ።

«ይኸው ተቀመሰልሽ። ውሻው አልሞተም። በይ እንግዲህ።»

«የይስማው ነገርስ?» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ጠጪና እንነጋገራለን።»

እናንተዬ፣ ውሻ አፉን ያገባበት ዕቃ እናታችን ቤት ምን እንደሚደረግ ንገሩኝ እስቲ። ማጠብ አለ? አውጥቶ መጣል ነው እንጂ! ብርጭቆውን ፊቱ ላይ ደፍቼ ሻንጣዬን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ክብር ያለው ሰው እንዲያ ያደርጋል። ግን ይስማው ካርቱም ላይ በዚያ እሳት በሆነ ፀሐይ የሰው መኪና ሥር ተንበርክኮ ታየኝ። የኔ ክብር እሱን ምን ያደርግለታል? አማተብኩና ጠጣሁ። እስከ አተላው ጨለጥኩት።

ጉዱን ልንገራችሁ? ጣፈጠኝ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ጣፈጠኝ! መጀመሪያ ኮምጠጥ ብሎ ምላስ ይይዛል፣ ከዚያ ፍሬው ይመጣል፣ ሲወርድ ደግሞ የአበባው ሽታ በአፍንጫ ይወጣል። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ነገር በአፌ አልገባም። ቢመረኝ፣ ቢያስመልሰኝ ምን ነበረበት? በዚያች ሰዓት የገዛ ምላሴን ጠላሁት።

«እንዴት ነው?» አለ ሙሴ ጉስታፍ።

«ጥሩ ነው።»

«ቶቶም ጥሩ ነው ብሏል! ሁለቱም ተስማሙ!» እንደገና ሳቅ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ባልሽ ይምጣ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ነገ እፈርማለሁ።»

ክፉ ሰው እንዳልሆነም ከልቡ ያምናል። በማግስቱ እውነትም ሄዶ ፈረመልኝ። እኔ አፌን በሳሙና ሳጥብ ነበር ያደርኩት።

ከኮሚውን እንደተመለስን «ለባልሽ ከቤቱ ስልክ ደውይለት፣ ግብዣዬ ነው» አለኝ። ካርቱም ላይ ይስማው ከሚሠራበት አጠገብ ያለ የመናዊ ባለሱቅ ስልክ አለው። ደወልኩ፤ ሄደው ጠሩልኝ። ሲሮጥ የመጣበት ትንፋሹ ይሰማል።

«ስመኝ? ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ይስማው፣ አለቀልን። የቤቱ ጌታ ፈረመ፣ ትመጣለህ።»

 ያ ሰው ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጥ ያላለቀሰው፣ ስልኩ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም አለቀስኩ። ሙሴ ጉስታፍ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ውሻውን እያሻሸ፣ ፈገግ ብሎ ያየኛል።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ ይስማው። «ያበላሻል? ያጠጣሻል?»

«ራሱ የጠመቀውን አጠጣኝ።»

«ቀምሶ ሰጠሽ?»

 «አዎ» አልኩት።

«እሰይ! እንግዲያ የጨዋ ልጅ ነው። ስመጣ ጉልበቱን ነው የምስመው። እስቲ ስጪልኝ፣ ላመስግነው። አንዲት ቃል ተምሬያለሁ።»

እጀታውን ሰጠሁት። የይስማው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፤ «ሜርሲ፣ ሙሴ! ሜርሲ! ሜርሲ!» እያለ ያለቅሳል። ሙሴ ጉስታፍ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ በዓይኑ ጠቀሰኝና በስልኩ ውስጥ በፈረንሳይኛው «ላንተም ውሻው ይቀምስልሃል» አለው። እየሳቀ እጀታውን መለሰልኝ።

«ምን አለኝ?» አለ ይስማው። «ሲስቅ ሰማሁት። ምን አለኝ?»

«በሰላም ግባ አለህ።»

«አየሽ» አለኝ፣ እንባውን እየዋጠ፣ «በሰው አገርም ሰው አለ።»

«አለ» አልኩት።