ጥላው ባዶ የነበረው ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ከወልድያ ወደ ቆቦ የተነሳሁት ለእህቴ ለዘነበች ቤት ላይላት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ በኪራይ ቤት ስትንከራተት ኖራለች። አሁን ያላትን ሁሉ ሸጣ አስፋልት ዳር አንድ ቤት ልትገዛ ነው፤ ቀን ሻይና ምግብ ልትሸጥበት፣ ማታ ከልጆቿ ጋር ልታድርበት። እኔን የላከችኝ ጠርጣራ ስለሆንኩ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አሮጌ ጨርቅ ላይ የተጣፈ እራፊ ከሩቅ ይታየኛል።

የሚኒባሱ ረዳት ታሪፉ ላይ ጨመረብን። ለምን ብለው «ሙቀቱ ነዋ!» አለኝ። በሞቴ፣ ሙቀትም ይሸጣል እንዴ? ሮቢት ስንደርስ ሴቶች የቲማቲም ሳጥን ተሸክመው መስኮቱን ከበቡት። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ማሽላ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ያለው ቤት ደግሞ አብዛኛው ከፊቱ ቀለም፣ ከኋላው ጭቃ ነው። አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ እዚህ እንጀራ ሆኗል።

ቆቦ፣ ምሳ ሰዓት

ሻጩ ሞላ ይባላል። ገና ከመኪና ስወርድ «ወንድምዓለም!» ብሎ አቀፈኝ። ሳያውቀኝ የሚያቅፈኝን ሰው አላምንም። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ጋበዘኝ፣ የባጃጁንም ከፈለ፤ ይሄኔ ይባስ ጠረጠርኩት።

ቤቱ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ነው። ምሰሶውን በቁልፍ አንኳኳሁ፤ ምስጥ የለም። ጎርፍ ገብቶ እንደሆነ የግድግዳውን ሥር አየሁ፤ ደረቅ ነው። ጣሪያውም ደህና ነው። እንከን ማጣቴ አናደደኝ። የጎንና የኋላው ግድግዳ አሮጌ ጭቃ ሲሆን፣ የፊቱ ብቻ አዲስ ብሎኬት ነው።

«ፊቱን ብቻ ለምን በብሎኬት ሠራኸው?»

«ለውበት ነዋ፣ ወንድምዓለም!»

ሞላ ስልክ ሊያወራ ወደ ጓሮ ሲዞር በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጥላው በመንገዱ በኩል ነው፤ ደስ ይላል። ግን ከእኔ በቀር ማንም የለበትም! ሻይ የምትሸጠው የጎረቤቷ የሐዋ ደንበኞች ከእሷ ቤት ጀርባ ፀሐይ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

«ኧረ ጋሼ፣ ወዲህ ይምጡ!» አለችኝ ሐዋ።

«ጥላው እኮ እዚህ ነው!»

«መኪናውም የሚመጣው እዚያው ነው። ሲታጠፍ መንገዱን ይስታል። ያን ግድግዳ ከአንዴም ሁለቴ ሲያፈርሰው አይቻለሁ። አላህ ጠብቆ ሰው አልነበረበትም።»

እሷንም ጠረጠርኳት። ዘነበች እዚህ ሻይ ቤት ብትከፍት ገበያ የሚቀንስባት ሐዋ ናት። ማንን ልመን? ሞላ ሲመለስ አንድ ነገር መጣልኝ።

«በል ሞላ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ። ዛሬ ከፊት ባለው ክፍል አብረን እንደር፣ ጠዋት ውሉን እንጨርሳለን።»

ሳቀ። «ትንኙ አያስተኛህም።»

«አጎበር እገዛለሁ።»

«ወበቁስ?»

«በሩን ከፍተን እንተኛለን።»

በዚህ መሃል አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እያንጫረረ ታጠፈ። ሞላ ዘሎ ከበረንዳው ወረደና ጓሮ ገባ። ተከተልኩት።

«እሺ፣ ታድራለህ?»

«ኧረ ተወኝ! እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ!»

ከአፉ አመለጠው። እኔም ደሜ ፈላ። የዘነበች ልጆችስ ልጆች አይደሉም? ስድቡ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩትና የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ።

ወልድያ፣ ማታ

ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሞላ ያለውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከእንግዲህ ቤት ሳይ ግድግዳውን ከማንኳኳቴ በፊት ሰዉ የት እንደሚቀመጥ አያለሁ።

«ያቺን ሴት አመሰገንካት?» አለችኝ።

«የለም። ጠርጥሬያት ነበር።»

«በል ሰኞ ለገበያ አብረን ቆቦ እንወርዳለን። አመስግናት። እኔም ቤት የት እንደምገዛ የምጠይቃት እሷን ነው» አለችና ልጆቹን ብርድ ልብስ ልታለብስ ገባች።